እረኛቸው ማን ነው?

ዓምና ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ ገበያቸውን ጨርሰው ወደ ደንቢያ ከመመለሳቸው በፊት ቡና ሊጠጡ ጎንደር ያለው ቤቴ ገቡ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ስለነበር አቧራ የለበሰ ሜዳ ታየ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ዐይን እስኪታክት ድረስ የተሰለፈ ጠቋቁር ከብት። ከፊት ያሉት አፋፉ ላይ ቆመው ወንዙን ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት ይገፋሉ። አንዱ ዘለለ። ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ገባ። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና "እረኛቸው ወዴት ሄዶ ነው?" አሉ።

እኔ የማየው አዞውን ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ ሰው ናቸው፤ መንጋ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት እረኛውን ነው። "እረኛ የለውም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እንግዲያስ መንገዱን ማን ነገረው?" አሉኝ። ያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ የተዝረከረከ ነበር። ይህን የምጽፈው ጥያቄያቸው የሚገባውን መልስ እንዲያገኝ ብዬ ነው።

እንስሳው ዊልደቢስት ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደቡብ አፍሪካ የሰፈሩት ደቾች ናቸው፤ የዱር ከብት እንደ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ስለማይገኝ እኛም በዚሁ በውጭ ስሙ እንጠራዋለን። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ኒዩምቡ ይሉታል፤ ይኸው ቃል በቋንቋቸው በቅሎ ማለትም ነው። መልኩን ላየ ሰው ነገሩ አይገርምም። ፊቱ እንደ ፈረስ ረጅም ነው፣ ጋማና ረጅም ጭራ አለው፣ ቀንዱ የላም ይመስላል፣ ከአገጩ ሥር ጢም ተንጠልጥሏል። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ግን የዊልደቢስትንም ዘር ከመልኩ መፈለግ ያሳስታል። የቅርብ ዘመዱ ፈረስም ላምም ሳይሆን ቆርኬ ነው። በሰንቀሌ መጠለያ የሚጠበቀውን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን የስዋይን ቆርኬ ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል፤ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ፣ ጀርባው ቁልቁል የሄደ ነው።

ሁለት ዓይነት ዊልደቢስት አለ። ጥቁሩ፣ ጭራው ነጭ የሆነው፣ የደቡብ አፍሪካና የአካባቢዋ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በአደን ተጨፍጭፎ ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲቀሩ አንዳንድ ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ ስላቆዩት ዘሩ ተረፈ። ሁለተኛው፣ ሰማያዊ የሚባለው፣ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። አጎቴ ያዩት ይህንን ነው። ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በመጠኑ ከአንድ ደህና ወይፈን አይርቅም። በሰሜን ታንዛኒያና በደቡብ ኬንያ፣ በሰረንጌቲና በማሳይ ማራ ምድር የሚዞረው መንጋ ብቻውን ለብዙ ዓመታት 1.3 ሚሊዮን ያህል ነው ሲባል ቆይቷል። በቅርቡ በሳተላይት ምስል የተደረገ ቆጠራ ከ600 ሺህ የማይበልጥ ቁጥር ስላወጣ ተመራማሪዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። በየትኛውም ቁጥር ቢሆን፣ ሰው የማይነዳው እንዲህ ያለ መንጋ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ።

ሰረንጌቲ አንድ ወጥ ሜዳ አይደለም። ደቡቡና ሰሜኑ በዝናብም በአፈርም ይለያያሉ። ደቡቡ ከንጎሮንጎሮ ተራሮች ጀርባ ስለተቀመጠ ተራራው ዝናቡን ይጋርድበታል፤ በዓመት የሚያገኘው 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ማራ ወንዝና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተጠጋው ሰሜን ግን የዚህን እጥፍ ያህል ያገኛል። ታዲያ ዝናቡም ሣሩም የሚበዛው ሰሜን ከሆነ መንጋው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ለምን አይቀመጥም? በየዓመቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየዞረ ለምን ይደክማል?

ምክንያቱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። የደቡቡን ሜዳ የሸፈነው ኬሪማሲና ኦልዶኒዮ ሌንጋይ ከሚባሉ እሳተ ገሞራዎች የተተፋ አመድ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬም በየጊዜው ይፈነዳል። አመዱ እንደ ካልሲየምና ፎስፈረስ ያሉትን ማዕድናት ይዞ ስለወረደ እዚያ የሚበቅለው ሣር አጭር ቢሆንም ብርቱ ነው። ከአፈሩ በታች ደግሞ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ አለ፤ የዛፍ ሥር አልፎ አይሄድም፤ ስለዚህ ሜዳው ገላጣ ነው፤ አንበሳ የሚደበቅበት ጥሻ የለም። የሰሜኑ ሣር ወገብ የሚደርስ ረጅም ነው፤ ነገር ግን አገዳ ይበዛበታል፣ ማዕድኑም ያንሰዋል። ሆድ ይሞላል እንጂ ጡት አይሞላም። ላሙን ጨው የሚያልስ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የምታጠባ ላም ብዙ ስለበላች ብቻ ወተት አትሰጥም።

ደቡቡም ቢሆን አንድ ጉድለት አለበት። ዝናቡ እንዳቆመ ውኃው ይደርቃል፤ የሚቀረው ጨዋማ ኩሬ ነው፣ ሣሩም ወዲያው ይከስላል። ደቡብ ምግቡ አለ፣ ውኃው አይዘልቅም። ሰሜን ውኃው አለ፣ ምግቡ ይደክማል። መንጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ላስቀምጣቸው፤ ወቅቱ የኛ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ያደናግራልና። ደንቢያ ላይ መገጭ ሞልቶ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ሰረንጌቲ በጋ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣና ክረምቱን ለእኛ ያመጣል፤ ሲመለስ ለእነሱ ያዘንባል። ለዚህ ነው ጣሪያዬ ላይ ዶፍ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አቧራ የቦነነው። መንጋው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደቡቡ አጭር ሣር ላይ ይቆያል። በግንቦትና በሰኔ፣ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር፣ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይነሳል፤ ኮርማዎቹም በዚሁ ጉዞ ላይ ትንሽ ትንሽ መሬት ይዘው እየጮኹና እየተዋጉ ከላሞቹ ጋር ይራከባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማራ ወንዝን እየተሻገረ በሰሜኑ ይከርማል። በኅዳር፣ ደቡብ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ይመለሳል።

ይህን የጊዜ ሰሌዳ ግን እንደ አውቶቡስ መስመር አትቁጠሩት። ተመራማሪዎች በዊልደቢስቶቹ አንገት ላይ መከታተያ መሣሪያ አስረው በተከተሏቸው ጊዜ መንገዱ በየዓመቱ እንደሚለያይ አይተዋል። ዝናብ ወደ ጣለበትና አዲስ ሣር ወደ አቆጠቆጠበት ይሄዳሉ፤ ዝናቡ ከዘገየ ይዘገያሉ፤ ባልታሰበ ቦታ ከጣለ ወደዚያው ይታጠፋሉ፤ አንዳንዴ የተሻገሩትን ወንዝ በሳምንቱ መልሰው ይሻገሩታል። መሪ የላቸውም። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ያያል፣ አጠገቡ ያለው ሣሩን ያያል። አጎቴ ለጠየቁኝ መልሱ ይህ ነው። እረኛቸው ዝናቡ ነው፤ ዱላው ሣሩ።

ሣሩን ደግሞ ብቻቸውን አይበሉትም። ከእነሱ ጋር 200 ሺህ ያህል የሜዳ አህያና ብዙ መቶ ሺህ የቶምሰን ሚዳቋ ይጓዛል፤ ሦስቱም ሣር በል ሆነው ሳለ እርስ በርሳቸው አይሻሙም ማለት ይቻላል። ይህን ለመረዳት ጎንደር ዙሪያ ያለ ገበሬ ደጅ መቆም ይበቃል። ላሟ ለስላሳውን ለይታ ትበላና ጋደም ብላ ታመሰኳለች፤ አህያዋ ላም የተወችውን አገዳ ሳይቀር ታደቀዋለች። ላም ባለ አራት ክፍል ሆድ ስላላት ምግቡን አቆይታ፣ ደጋግማ አኝካ ኃይሉን ትመጥጣለች፤ ነገር ግን ጠንካራ አገዳ ሆዷን ዘግቶ ያዘገይባታል። አህያ አታመሰኳም፤ በብዛት ትበላለች፣ ቶሎ ታሳልፋለች፣ ከደካማ ምግብም በብዛት ትኖራለች። የሜዳ አህያ በሆዱ አህያ ነው፤ ዊልደቢስት በሆዱ ላም ነው። ረጅሙን አገዳ የሜዳ አህያው ቀድሞ ይቆርጠዋል። ከሥር የተገለጠውን ቅጠል ዊልደቢስቱ በሰፊ አፉ ይግጠዋል፤ አፉ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነው አጭር ሣር እኩል ለመጋጥ እንዲመቸው ነው። ዊልደቢስቱ ካለፈ በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ ሚዳቋዋ በቀጭን አፏ ትለቅመዋለች። የተጋጠ ሣር እንደገና ሲያቆጠቁጥ ለስላሳና ገንቢ ስለሚሆን አንዱ ያለፈበት መስክ ለሚከተለው ይበልጥ የተመቸ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የወሊዱን ነገር ረጋ ብዬ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ ደቡቡ ሜዳ ላይ፣ በዓመቱ ከሚወለዱት ጥጆች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወለዳሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች ስምንት ወር ከምናምን ተሸክመው በአንድ ሰሞን ይገላገላሉ። አብዛኞቹ የሚወልዱት ጠዋት ነው። እናቲቱ ትተኛለች፣ ጥጃው ይወድቃል፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ነው። ራሱን ያነሳል። የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃል፣ በአፍንጫው አፈር ይነካል፣ እንደገና ይነሳል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቆሟል። እንገሩን ይጠባል፤ ወዲያው መራመድ ይጀምራል፤ በማግስቱ ከእናቱ እኩል ይሮጣል። ደንቢያ ላይ መስክ የተወለደን ጥጃ እረኛው እቅፍ አድርጎ ወደ ቤት ሲያመጣው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እዚህ የሚያቅፍ የለም።

ለምን እንዲህ ተጣደፈ? ቆርኬና ሚዳቋ ልጃቸውን ሣር ውስጥ ደብቀው ይሄዳሉ፤ ዊልደቢስት ግን መደበቂያ በሌለው ሜዳ ላይ፣ መንጋው መካከል ነው የምትወልደው። መከላከያዋ ብዛት ነው። ጅቡም አንበሳውም አቦሸማኔውም በቀን የሚበላው ልክ አለው። በአንድ ሰሞን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጥጃ ሲወለድ ሆዳቸው ሞልቶ የሚተርፈው ይበዛል። ከሌሎቹ ቀድማ ወይም ዘግይታ የወለደች እናት ግን ልጇን የማጣት ዕድሏ እጅግ ይሰፋል፤ የሁሉም ዐይን ያን አንድ ጥጃ ያያልና። ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የቀሩት ከጎረቤታቸው ጋር አብረው የወለዱት ናቸው።

ጥጃው እናቱን በጠረኗና በድምፅዋ እስኪለያት ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከባድ ናቸው። በዚያ ጊዜ በመንጋው ትርምስ እናቱን ካጣት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እናቱ ይመስለዋል። መኪና የሚከተል ጥጃ የብዙ ሰው ዐይን አይቶታል፤ ሊበላው ወደሚችል አውሬ የተጠጋም አለ። ሌላ እናት አታጠባውም። በዚያ ሁሉ ብዛት መካከል እያንዳንዷ የምታጠባው የራሷን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወንዙ። ያን ቅዳሜ እንስሳቱ ሲዘሉ አጎቴ ራሳቸውን ነቅንቀው "በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" አሉ። ሁላችንም ወንዙን ስናይ የምናስበው ይህንኑ ነው፤ ሞኝ እንስሳ፣ ተንጋግቶ የሚሞት። እኔ ግን ተረቱ እዚህ ላይ አይሠራም ባይ ነኝ፤ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። ከ2001 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው ማራ ወንዝ ውስጥ በዓመት በአማካይ 6,250 ያህል ዊልደቢስቶች ሰምጠው ይሞታሉ። ለዐይን የሚዘገንን ብዛት ነው፤ ከመንጋው አንጻር ግን ከመቶ አንድ ቢደርስ ነው። ታንዛኒያዊው ተመራማሪ ሳይመን ምዱማ ከአንቶኒ ሲንክሌርና ከሬይ ሂልቦርን ጋር ሆኖ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአርባ ዓመት መዝገብ ደግሞ ዋናውን ገዳይ ለይቶ አሳይቷል። ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱን የሚገድለው የምግብ እጥረት ነው። አንበሳው፣ ጅቡ፣ አዞው ሁሉ ተደምረው ከዚያ በብዙ ያንሳሉ። እንስሳው ገደሉንም አይቶታል፤ ወዲህ ማዶ የሚጠብቀው ረሃብ ይበልጥ የከፋ ነው።

የሰመጡትም ከንቱ አይቀሩም። አዞ፣ ዓሣ፣ ጥንብ አንሳና አባ ኮዳ ሥጋውን ይካፈሉታል፤ አጥንቱ ወንዙ ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል እየሟሟ ፎስፈረሱን ለውኃው ይሰጣል። ከእሳተ ገሞራ አመድ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ አጥንት የገባው ማዕድን ተመልሶ ዓሣ ይመግባል።

ስለ ጉልበቱም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቦትስዋና ውስጥ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዊልደቢስቶች በብርቱ ሙቀት ውስጥ ውኃ ሳይጠጡ እስከ አምስት ቀን፣ እስከ 80 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከጡንቻቸው ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሲለኩ፣ ጡንቻው ከሚያወጣው ኃይል 63 በመቶ ያህሉ ለሥራ ይውላል፤ የቤት ከብት ጡንቻ የሚደርሰው 42 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው በሙቀት ይባክናል። ያነሰ ሙቀት ማለት ያነሰ ላብ፣ ያነሰ ጥም ማለት ነው። በሬ ቀኑን ሙሉ አርሶ ወንዝ ሲያይ እንዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ ሰው የዚህ ልዩነት ትርጉም ይገባዋል።

እስከዚህ ያልኩት ሁሉ ታንዛኒያና ኬንያ የሆነ ነው። ይህ መንጋ ግን ከእኛ ታሪክ ጋር የተጋጠመበት አንድ ቦታ አለ። ለአጎቴ ስነግራቸው ቡናውን የረሱት እዚህ ጋ ነው።

በአማርኛ ደስታ የሚባል የከብት በሽታ ነበር። እንዲህ ያለ ስም ለእንዲህ ያለ ነገር መሰጠቱ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ከብቱ ያተኩሰዋል፣ ዐይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት በ1887 እ.ኤ.አ. ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች ወደ አገራችን ገባ። በሽታውን ከዚያ በፊት የማያውቅ ከብት ነበርና ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ሰዉ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረሃብ መጣ። ጎንደር በዚያው በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ ተቃጥላ ነበርና መከራው በመከራ ላይ ሆነባት። አጎቴ ከአያታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። ሰዉ መሬቱን በእጁ ይቆፍር ነበር፤ ሞፈርና ቀንበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር።

በሽታው እዚህ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ። በ1890 እና በ1891 እ.ኤ.አ. የኬንያንና የታንዛኒያን አርብቶ አደሮች፣ የማሳዮችን፣ ከብት ፈጀ፤ እነሱም ያን ዘመን ኢሙታይ፣ ማለትም ፈጽሞ ማለቅ፣ ይሉታል። የእኛ ክፉ ቀንና የእነሱ ኢሙታይ የአንድ በሽታ ሁለት ስሞች ናቸው። ከከብቱ ወደ ዱር እንስሳው ተሻገረና ጎሹንና ዊልደቢስቱን ጨረሰ። በ1896 እ.ኤ.አ. የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ገባ።

ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል የሰረንጌቲ ዊልደቢስት ቁጥሩ ከፍ አላለም። ጥጆቹ በብዛት ይወለዳሉ፤ ከእናታቸው ወተት ያገኙት መከላከያ በመንፈቃቸው ገደማ ሲያልቅ በሽታው ይይዛቸዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የነበሩት ሩብ ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል ጣቢያ ዋልተር ፕላውራይት አስተማማኝ ክትባት ሠራ፤ በየአገሩ የከብት ክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ለዊልደቢስቱ ማንም መርፌ አልወጋም። የተከተበው በሰረንጌቲ ፓርክ ዙሪያ ያለው የሰው ከብት ነው። ወዲያው በሽታው ከዱር እንስሳቱ ላይ ጠፋ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በሽታውን ለከብት የሚያስተላልፈው አውሬው ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የተገኘው ተቃራኒው ነው። አውሬውን ያሳመመው ከብታችን ነበር።

ሩብ ሚሊዮን የነበረው መንጋ በ1977 እ.ኤ.አ. 1.3 ሚሊዮን ደረሰ። የመንጋው መጨመር አገሩን ለወጠው። ሣሩ ስለተበላ በበጋ የሚነደው ቀነሰ፤ ሰደድ እሳት ስለቀነሰ ችግኞች ተርፈው ዛፍ ሆኑ፤ አንበሳውም ጅቡም የሚበላው ስለበዛለት በዛ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሰላው ሰረንጌቲ ካርቦን ወደ አየር ከሚለቅ ምድርነት ካርቦን ወደሚያጠራቅም ምድርነት ተሸጋገረ። የዚህ ሁሉ መነሻ ላም ላይ የተወጋ መርፌ ነው።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ነው። ሙቀት የሚችል ክትባት ተዘጋጅቶ፣ ከማኅበረሰቡ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በረሃ ለበረሃ እየተከተሉ ከተቡ። በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ለክፉ ጊዜ የሚሆን የክትባት ክምችት ቢሾፍቱ ባለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ይጠበቃል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ግን ዛሬም አለ፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። ከታቢ መንደር ሲመጣ ፍየሉን ደብቆ የሚያስቀር ሰው ካለ ይህን ታሪክ ንገሩት።

በሌላ በኩል ዊልደቢስትም ለከብት አደጋ አለው፤ ማሳዮች ከእኛ በላይ ያውቁታል። ጥጆቹ ራሳቸው ሳይታመሙ በአፍንጫቸውና በዐይናቸው ፈሳሽ የሚያስተላልፉት ቫይረስ ላም ላይ ሲያርፍ ይገድላል። ለዚህ ነው ማሳዮች በወሊዱ ሰሞን ከብታቸውን ከአጭሩ ሣር አርቀው ወደ ኮረብታ የሚወስዱት፤ ምርጡን ግጦሽ በምርጡ ጊዜ ለአውሬው ይለቁለታል።

ዛሬ መንጋውን ይበልጥ የሚያሰጋው አጥርና እርሻ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከብት በሽታ ለመከላከል የተዘረጋው ረጅም አጥር ወደ ውኃ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ፤ በድርቁ ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዊልደቢስቶች አጥሩ ሥር አለቁ። ኬንያ ውስጥ ከማራ በስተሰሜን ሎይታ ሜዳ ላይ ይወልድ የነበረው ሌላ መንጋ፣ ሜዳው የስንዴ እርሻ ከሆነ በኋላ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ119 ሺህ ወደ 22 ሺህ ወርዷል። ገበሬው ማረሱ ጥፋት አይደለም፤ ስንዴ እንጀራው ነው። በጉዞ የሚኖር እንስሳ ግን መንገዱ ከተዘጋ ሜዳው በሙሉ ቢተርፍለትም አይተርፍም። በሰሜን ሰረንጌቲ አቋርጦ ሊሠራ የታሰበውን አስፋልት የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. የከለከለው ለዚህ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው ሰው፣ በየብስ ከሚደረገው የአጥቢ እንስሳት ጉዞ ከሁሉ የሚበልጠው ደጃችን ላይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአየር ላይ ቆጠራ በደቡብ ሱዳን ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሚዳቋና አጋዘን መሰል እንስሳት በዓመት እየዞሩ እንደሚኖሩ አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ናቸው። ከእነሱ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ይገባል። እነሱም እረኛ የላቸውም።

አጎቴ ያን ቀን ዝናቡ ሲያባራ ተነስተው ሄዱ። በየካቲት ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ደወሉልኝ፤ ጨርሰን ልንሰነባበት ስንል ዝም አሉና "እነዚያ ከብቶች ወለዱ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ወሩ ነው ጋሼ፤ እየወለዱ ነው" አልኳቸው።

"እሰይ" አሉ። "ዝናቡስ ጣለላቸው?"